ጭማሪው የትኛው ነው? ከቡታጅራ ሙከራ እስከ እንጦጦ ማርያም ጠበል



የዚህ መጽሐፍ አዘጋጆች ከዩኒቨርሲቲያችን የምርምር ታሪክ አንድ ምዕራፍ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ስለ አንድ ትልቅ ግኝት እንድጽፍ ጠብቀው ይሆናል። እኔ የመረጥኩት ግን መልሱ «አልረዳም» የሆነ ጥናት ነው። ጥናቱ የተሠራው ቡታጅራ ነው። የሚያነሣው ጥያቄ ግን ከስድስት ኪሎ ቀና ስንል በምናየው ተራራ ላይ፣ እንጦጦ ማርያም፣ በየማለዳው ይጠየቃል። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው፦ ስኪዞፍሬንያ ለጀመረው ወጣት አሁን ከሚያገኘው ሕክምና በላይ ምን ቢጨመርለት ይሻለዋል?

በጥናቱ እኔ አልተሳተፍኩም። ሙያዬ ፋርማሲ ነው። ያደግሁት ደግሞ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ሰልፍ አውቃቸዋለሁ፤ በመድኃኒት ቤት መስኮት ፊት የሚቆመውንም፣ ነጠላውን ተከናንቦ ከንጋት በፊት ወደ ጠበል የሚወጣውንም። ብዙ ጊዜ ሰዎቹ ያው ናቸው።

የሁለተኛ ዓመት በሽታ

ለሙያው ሩቅ ለሆኑ አባላት በአጭሩ ላስታውስ። በስኪዞፍሬንያ የተያዘ ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ይከተሉኛል፣ ይመርዙኛል ብሎ ያምናል፤ ንግግሩም መስመር ይስታል። ይህ የሚታየው ወገን ነው። ሌላው ወገን ጸጥ ያለ ነው፤ ፍላጎት ይጠፋል፣ ፊት ይፈዛል፣ ሰው ከሰው ይርቃል፣ መታጠብና መብላት ሳይቀር ይከብዳል። ቤተሰብ አስቀድሞ የሚደነግጠው በመጀመሪያው ነው። ትዳርንና ሥራን፣ ትምህርትንም የሚያሳጣው ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። ዛሬ ያሉን መድኃኒቶች የመጀመሪያውን ወገን በደንብ ያስታግሳሉ፤ በሁለተኛው ላይ ግን አቅማቸው ደካማ ነው። ተመራማሪዎች «በላዩ ምን እንጨምር?» የሚሉበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

በሽታው የሚጀምርበት ዕድሜ ደግሞ እኛን በቀጥታ ይነካናል። ከታች በምተርከው የቡታጅራ ሙከራ የተሳተፉት ሰዎች ሕመሙ የጀመራቸው በአማካይ በ22 ዓመታቸው ነበር። ይህ እኮ የግቢ ተማሪ ዕድሜ ነው! ከእኛ ባች ሁለተኛ ዓመት ላይ የቀረ አንድ ልጅ ነበር። መጀመሪያ ላብራቶሪ መግባት ተወ፤ ቀጥሎ ከዶርም ጓደኞቹ ጋር መብላት ተወ፤ አንድ ቀን አባቱና አጎቱ መጥተው ሻንጣውን ይዘው ሄዱ። «ጠበል ወሰዱት» ተባለ። ከዚያ በኋላ ስለ እርሱ የጠየቀ ሰው ስለመኖሩ አላስታውስም። ይህን መጽሐፍ ከምታነቡት መካከል ከየባቻችሁ እንዲህ ያለ ስም የማታስታውሱ ጥቂት ትሆናላችሁ ብዬ አስባለሁ።

መሠረት የሆነው ክኒን

ስለ ጭማሪ ከማውራታችን በፊት ስለ መሠረቱ እናውራ። እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ ውስጥ ዣን ደሌና ፒየር ደኒከር ክሎርፕሮማዚንን ለሥነ አእምሮ ሕመምተኞች መስጠት ጀመሩ። መድኃኒቱ ሰዎችን ከማደንዘዝ አልፎ ድምፁንና ጥርጣሬውን ሲቀንስ ታየ። ሃሎፔሪዶል ተከተለ፤ ቆይቶም በየጥቂት ሳምንቱ አንድ ጊዜ የሚሰጠው የፍሉፌናዚን መርፌ መጣ። እነዚህ ርካሽ መድኃኒቶች ለብዙ ዓመታት የአገራችን የሥነ አእምሮ ሕክምና ምሰሶ ሆነው ቆይተዋል።

ምሰሶው ግን ጥቂት ሰው ብቻ ነበር ያስጠለለው። ለአሥርት ዓመታት ለአእምሮ ሕሙማን ብቻ የቆመው የአገሪቱ ሆስፒታል አማኑኤል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የሥነ አእምሮ ነርሶች ሥልጠና እዚያው ተጀመረ፤ ነርሶቹም ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ተበተኑ። ሐኪም በስፔሻሊቲ ለማሠልጠን ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ ውጭ አገር መላክ ግድ ነበር። በዚያ ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የራሱን የሥነ አእምሮ ስፔሻሊቲ ትምህርት ከፈተ። የቶሮንቶ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ እየመጡ ለአንድ አንድ ወር ያስተምሩ ነበር። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ በክልል ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩት ብዙዎቹ ከዚያ ፕሮግራም የወጡ፣ የዚህ ማኅበር ልጆች ናቸው።

በዚህ ላይ ቡታጅራን ጨምሩበት። እ.ኤ.አ. በ1986 ዩኒቨርሲቲያችን ከስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ ገጠር የሕዝብ ጤና ጥናት ጣቢያ አቋቋመ። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ እነ ዶክተር አታላይ ዓለምና ዶክተር ደረጀ ከበደ በዚያው አካባቢ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት አጣርተው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዩ። ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው መካከል አብዛኞቹ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ዘመናዊ የሥነ አእምሮ ሕክምና አላገኙም ነበር። በሀብታም አገር «ሕክምና ያልጀመረ» የሚባለው ሰው ለጥቂት ወራት የታመመ ነው። እኛ ጋ ግን ዓመታት ያስቆጠረ ሰው ነበር።

«ጭማሪ» ሲሞከር ምን ማለት ነው?

አንድ መድኃኒት መርዳት አለመርዳቱን በእምነት ወይም በምስክርነት ብቻ መለየት አይቻልም። ስኪዞፍሬንያ በራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። ሰው ደግሞ ወደ ሕክምና የሚመጣው ሕመሙ ሲብስበት ስለሆነ፣ ምንም ባይደረግለት እንኳ ትንሽ ቆይቶ ሻል ሊለው ይችላል። ስለዚህ ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ሁሉም የተለመደ መድኃኒታቸውን ይቀጥላሉ። በዚያ ላይ ለአንዱ ወገን አዲሱ መድኃኒት፣ ለሌላው መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ ባዶ ክኒን ይጨመራል። ለማን የትኛው እንደደረሰው ታካሚውም፣ የሚመዝነው ሐኪምም አያውቁም። የምልክቶቹን ክብደት ለመለካት በዓለም የታወቀው መመዘኛ 30 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ይሰጠዋል።

የዚህ ዓይነቱ ሙከራ አንድ የሥነ ምግባር ብርታት አለው፤ ማንም ሰው የሚረዳውን መድኃኒት አይነፈግም። መሠረቱ ለሁሉም ነው፤ ዕጣ የሚወጣው በጭማሪው ላይ ብቻ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ድመት፣ ጥሬ ሥጋና ትራይሜቶፕሪም

ቶክሶፕላዝማ ጎንዲ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ አለ። ዋና መኖሪያው የድመት አንጀት ነው። ወደ ሰው የሚገባው የድመት ዐይነ ምድር በነካው አፈርና አትክልት ወይም በደንብ ባልበሰለ ሥጋ ነው፤ ክትፎና ቁርጥ ለሚወድ አገር ይህ እንግዳ ወሬ አይደለም። ከገባ በኋላ በጡንቻና በአንጎል ውስጥ ተሸሽጎ ዕድሜ ልክ ሊቀመጥ ይችላል። አሜሪካውያኑ ፉለር ቶሬይና ሮበርት ዮልከን ይህ ተሕዋስ ከአንዳንድ የስኪዞፍሬንያ ዓይነቶች ጋር ግንኙነት ሊኖረው ይችላል የሚል መላምት ሲያራምዱ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሃሎፔሪዶልን ጨምሮ አንዳንድ የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች በላብራቶሪ ውስጥ የተሕዋሱን መራባት እንደሚገቱ ታየ። ነገሩ ያጓጓ ነበር። እንግዲያው ተሕዋሱን በቀጥታ የሚመታ መድኃኒት ቢጨመርስ?

ይህን ጥያቄ የቡታጅራ ቡድን አነሣው። የተመረጠው መድኃኒት ትራይሜቶፕሪም ነው፤ ሁላችንም የምናውቀው የኮትሪሞክሳዞል አንድ ክፍል፣ ርካሽ፣ በየመድኃኒት ቤቱ ያለ። በዶክተር ተሾመ ሽብሬ መሪነት፣ ቢያንስ መካከለኛ ክብደት ያለው ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው 91 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። ለስድስት ወር ትራይሜቶፕሪም ወይም ባዶ ክኒን ከተለመደው መድኃኒታቸው ጋር ወሰዱ። በደም ምርመራቸው አብዛኞቹ በተሕዋሱ የተያዙ ነበሩ። ከ91ዱ 79ኙ እስከ መጨረሻው ቆዩ። በገጠር፣ በእግር መንገድ፣ በእርሻ ወቅት መሆኑን ስታስቡት፣ ይህ ቁጥር ብቻውን ምስጋና የሚገባው ነው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ስኪዞፍሬንያ ቡለቲን በተባለው ዓለም አቀፍ መጽሔት ታተመ፦ ትራይሜቶፕሪም ከባዶ ክኒኑ የተሻለ አልሆነም። ጸሐፊዎቹ ከዚህ ተነሥተው «ቶክሶፕላዝማ ምንም ሚና የለውም» አላሉም። ሰዎቹ በተሕዋሱ የተያዙት መቼ እንደሆነ ስለማይታወቅ ጥናቱ የመንሥኤውን ጥያቄ ሊዘጋ እንደማይችል በግልጽ ጻፉ። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 35 ገደማ ነበር፤ ከሕመሙ ጋር አሥር ዓመት የዘለቁ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። የሚቀጥለው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ጭማሪው ገና በጠዋቱ፣ ሕመሙ ሥር ሳይሰድ ቢሰጥስ?

ሚኖሳይክሊንና የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

በዚያው ሰሞን ዓለም ትኩረቱን ወደ መጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት አዙሮ ነበር። ከተሞከሩት ጭማሪዎች ታዋቂው ሚኖሳይክሊን ነው። ከቴትራሳይክሊን ወገን የሆነ፣ ለብጉር ሳይቀር የሚታዘዝ የቆየ አንቲባዮቲክ ነው። ወደ አንጎል በደንብ ይገባል፤ የአንጎልን የመከላከያ ሴሎች ቁጣ ያበርዳል ተብሎም ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከእስራኤል በ54 ሰዎች፣ በ2012 ከብራዚልና ከፓኪስታን በ144 ሰዎች የታተሙ ጥናቶች በበሽታው መጀመሪያ ላይ ላሉ ሰዎች ሚኖሳይክሊን ያንን ጸጥ ያለ ወገን እንደሚያሻሽል ተስፋ ሰጡ።

የእኛም ሰዎች ወደኋላ አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2013 በዶክተር አበባው ፈቃዱ መሪነት ሚኖሳይክሊንን በስኪዞፍሬንያ ሕክምና ላይ ጨምሮ ለመሞከር የተዘጋጀው የኢትዮጵያ ሙከራ ዕቅድ ትራያልስ በተባለው መጽሔት ታተመ። ዕቅድን ከውጤት በፊት ለዓለም ማሳተም ማለት «ይህን እለካለሁ፣ እንዲህ እተነትናለሁ» ብሎ አስቀድሞ ቃል መግባት ነው፤ ውጤቱ ሲመጣ ደስ የሚለውን ብቻ መርጦ ማውራት አይቻልም። ለዛሬ ተማሪዎቻችን ሊወርስ የሚገባ ልማድ ነው።

ትልቁ መልስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ከብሪታንያ ነው። በበሽታው መጀመሪያ ላይ ያሉ 207 ሰዎች ለአንድ ዓመት ሚኖሳይክሊን ወይም ባዶ ክኒን ከመድኃኒታቸው ጋር ወሰዱ። የአእምሮ ምስል ሳይቀር ተነሥቶ ታየ። ውጤቱ እንደገና «አልረዳም» ሆነ። የዓሣ ዘይትም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል፤ በ2010 ቪየና ውስጥ ሕመሙ ሊጀምራቸው ይችላል በተባሉ 81 ወጣቶች ላይ የሰጠው ተስፋ፣ በ2017 በታተመው ሰፊ ሙከራ አልተደገመም።

ይህን የምዘረዝረው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። እንደ ፋርማሲ ባለሙያ የማየው የተገላቢጦሹን ነው። «አልረዳም» የሚል ንጹሕ መልስ ባይኖር ኖሮ ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ መስኮት ስኪዞፍሬንያ ላለበት ልጅ ትራይሜቶፕሪምና ሚኖሳይክሊን በአናት በአናቱ ሲገዛ እናይ ነበር። ለአንቲባዮቲክ የወጣው ብር ደግሞ ከሃሎፔሪዶሉ፣ ከትራንስፖርቱ ወይም ከእንጀራው የተቀነሰ ብር ነው። የቡታጅራዎቹ 91 ሰዎች በብዙ ሺህ ቤተሰብ ላይ ሊደርስ የሚችል ወጪ አስቀርተዋል።

ሁለቱም ወገኖች ያገኙት ነገር

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ከቡታጅራው ውጤት ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ትራይሜቶፕሪም የወሰዱትም ባዶውን ክኒን የወሰዱትም፣ ሁለቱም ወገኖች፣ በስድስቱ ወር ውስጥ በሚታይ መጠን ተሻላቸው። ልዩነት የጠፋው ሁለቱም ሳይሻሉ ቀርተው አይደለም።

ከፊሉ ቀደም ብዬ ያልኩት የሕመሙ ከፍ ዝቅ ማለት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሌላም ነገር አለ ባይ ነኝ። በሙከራ ውስጥ ያለ ሰው መሠረታዊ መድኃኒቱ አይቋረጥበትም። ቀጠሮ አለው፤ ሲቀር የሚጠይቀው ሰው አለ። እጁ ሲንቀጠቀጥ ወይም አንገቱ ሲገተር ለማን እንደሚናገር ያውቃል። ቤተሰቡም ብቻውን አይደለም። በየጥናቱ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚገኝ እንደ ውጤት የማይቆጠረው ይህ ነው። አገሩ ያጣው ደግሞ በትክክል ይህንኑ ነው።

ማስረጃው ከዚያው ከቡታጅራ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት እነ ዶክተር ሰሎሞን ተፈራ ሕመምተኞችና ቤተሰቦች መድኃኒት የሚያቋርጡት ለምን እንደሆነ ጠይቀው ነበር። ከተሰጡት መልሶች አንዱ ረሃብ ነበር! መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚበላ የለም። «ክኒኑን ስውጥ ይርበኛል» የሚለውን ሰው «ዕውቀት ስለጎደለው አቋረጠ» ብለን መዝገብ ላይ ብንጽፍ ነውር ነው። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ጭማሪ ከየትኛውም ፋብሪካ አይመጣም፤ ከማሳ እንጂ።

ይህን ሐሳብ ወደ ሙከራ የለወጡትም አሉ። በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው 166 ሰዎች ሁሉም በጤና ጣቢያ ሕክምና እያገኙ፣ በግማሾቹ አካባቢዎች ላይ የሠለጠኑ የመንደር ሠራተኞች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ እንዲረዷቸው ተደረገ። ቤተሰቡን ያነጋግራሉ፣ መድኃኒቱን ያስታውሳሉ፣ ሰውየው ወደ ሥራና ወደ ማኅበር እንዲመለስ ከጎረቤትና ከአገር ሽማግሌ ጋር ይነጋገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት ከ12 ወር በኋላ እነዚህ ሰዎች የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ እንደሚመሩ አሳየ። ጭማሪ ተፈትኖ «ረዳ» የተባለው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ተራራው

እንጦጦ ማርያም ሲባል ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስታውሰው ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡበትን ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ መንግሥቱ ወዲያው ለፍልውኃ ሲል ቁልቁል ወረደ፤ ከተማውም ተከተለው። ሕመምተኛው ግን ለጠበል ሲል አቀበቱን መውጣቱን አልተወም። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ትንሽ ክፍል ይከራያል። ሱባኤ ይገባል፤ በባዶ ሆዱ ማለዳ ይጠመቃል፣ ይጠጣል፣ መስቀል ይሳለማል። ለሰባት ቀን የመጣው ለወራት ይቆያል። የሚረበሸው አንዳንዴ በሰንሰለት ይታሰራል። የሚያስረው ብዙ ጊዜ ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ልጇ ገደል እንዳይገባባት የምትፈራ እናት ናት።

የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ወደ ጠበል ቦታ መሄድ የጀመሩት ትናንት አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚህ ያስተምር የነበረው ሆላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር ጊዮን፣ የዛሬዋ ወሊሶ፣ ሄዶ በዚያ የነበረውን የእምነት ፈውስ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትሟል። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች በመሆናቸው አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስታወቁ። በዚያን ጊዜ እንጦጦ ላይ መድኃኒቱን ጥሎ ጠበል ብቻ ይዞ የነበረ ሕመምተኛ ብዙ ነበርና ቃሉ የሰው ሕይወት ያተረፈ ይመስለኛል። ለአእምሮ ሕመምም በሩን ከፍቷል።

በዚያ በር የገቡት የዩኒቨርሲቲያችን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ናቸው። እነ ዶክተር ዮናስ ባሕረ ጥበብና ዶክተር ዳዊት ወንድማገኝ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በእንጦጦ ማርያም ጠበል ቦታ ከሃይማኖት አባቶች ጋር በመግባባት የተጀመረውን የሥነ አእምሮ ክሊኒክ ሥራ ገልጸዋል። ሰው ጠበሉን ሳይተው መድኃኒት ይጀምራል። ካህኑ ወደ ሐኪሙ ይልካል፤ ሐኪሙም «ጠበል ተው» አይልም።

እዚህ ላይ ነው ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ የሚመለሰው። በእኛ የምርምር ቋንቋ መሠረቱ ፀረ-ሳይኮሲሱ መድኃኒት ነው፤ ሌላው ሁሉ ጭማሪ ነው። እንጦጦ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለእናትየው መሠረቱ ጠበሉ ነው፤ ሃሎፔሪዶሉ ነው ጭማሪው። እኛ «ሕክምናህ ላይ ጠበል ጨምረሃል?» ብለን ስንጠይቅ፣ እርሷ «ጠበላችን ላይ ክኒን ብንጨምር ይፈቀዳል?» እያለች ነው። ሐኪሙ መሠረቱን ሊያፈርስባት ከመጣ ጭማሪውን አትቀበልም። መሠረቱን ካከበረላት ግን ብዙ ጊዜ ትቀበላለች። ሥራው ከዚያ በኋላ ተግባራዊ ነው፦ ክኒኑ ከጥምቀቱና ከቁርሱ በኋላ ወይም ማታ ይሁን፣ ጾሙ ለደከመው ይቅለል፣ ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ መድኃኒቱን ከየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚያገኝ አስቀድሞ ይጻፍለት።

ይህ በሙከራም ተፈትኗል፤ ያውም በአህጉራችን። ጋና ውስጥ በአንድ የጸሎት ካምፕ ለነበሩ 139 ሰዎች በዕጣ ተከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን በጸሎቱ ላይ የሥነ አእምሮ መድኃኒት ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት ሁለት ነገር አሳየ። መድኃኒት የተጨመረላቸው ሰዎች ምልክት በስድስት ሳምንት ውስጥ ከሌሎቹ ይልቅ ቀነሰ። በሰንሰለት ታስረው ያሳለፉት ቀን ግን አልቀነሰም። ክኒኑ ድምፁን ዝም አሰኘ፤ ቁልፉን ግን አልከፈተም። ቁልፍ የሚከፍተው ከያዘው ሰው ጋር የሚደረግ ንግግር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከጋናና ከናይጄሪያ የታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ 307 ሰዎችን ይዞ፣ ባህላዊና የእምነት ፈዋሾች ከጤና ሠራተኞች ጋር ተቀናጅተው ሲሠሩ ሕመምተኞች ከተለመደው አሠራር ይልቅ እንደሚሻላቸው አሳይቷል።

ለመምህራንና ለአባላት

ከዚህ ሁሉ የማወጣው ትምህርት አንድ ነው። አዲስ ጭማሪ መፈለጋችንን አንተው፤ ያ ጸጥ ያለው ወገን ዛሬም ጥሩ መድኃኒት አላገኘም፤ የሚቀጥለው ፍንጭ ከእኛ ላብራቶሪ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን በቡታጅራ ሁለቱም ወገኖች ያገኙትን ነገር፣ የማይቋረጥ መድኃኒትና የሚጠይቅ ሰው፣ ለሕዝቡ ሳናዳርስ ጭማሪ ብቻ ብንቆጥር ጣሪያውን ከግድግዳው ማስቀደም ይሆንብናል። ወጣቱ ሕመሙ በጀመረው ሰሞን የምናገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሆስፒታል ወረፋ ላይ አይደለም፤ በዶርም ውስጥ ወይም በእንጦጦ አቀበት ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቅ። ለመምህራን፦ አንድ ተማሪ በሁለተኛ ዓመት ድንገት ዝም ሲል፣ ላብራቶሪ ሲቀር፣ በመዝገብ ላይ «አቋረጠ» ብለን ከመጻፋችን በፊት አንድ ሰው ይጠይቀው። ቤተሰቡ ጠበል ከወሰደውም አብረን እንላከው፤ የክሊኒኩን ወረቀትና የመመለሻ ቀኑን አስይዘን።

ለማኅበራችን አባላት ደግሞ፦ በየመገናኛ ቀናችን በሞት የተለዩንን ስም እናነባለን፤ ደግ ልማድ ነው። በሚቀጥለው ግን እያንዳንዱ ባች በሕመም ምክንያት ከመሃል የቀሩትንም ስም ይጻፍ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። አንዳንዶቹ መድኃኒታቸውን ይዘው በየሰፈራቸው ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ ክኒኑ አልቆባቸው የሚጠይቃቸው ሰው አጥተዋል። ከየባቹ ሁለት ሦስት ሰው ስልክ ይደውል፣ ቤታቸው ይሂድ፣ ቀጠሯቸውን ይጠይቅ። በእኛ ባች ይህን ዝርዝር የምይዘው እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያውን ስም ጽፌያለሁ።